«ካርድ ክፍል ነው የሚሠራው» ብላችሁ አትናቁት! የበሽታ ኮድ፣ የሆሳዕና ወጣትና የብዕር አማና



ሰሞኑን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂዱ በር ላይ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱብን አንድ ጥያቄ አለ። «ሜዲካል ኮዲንግ የሚባል ሥራ አለ አሉ። ቤት ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ይሠራል፣ ክፍያውም በዶላር ነው ይባላል። እውነት ነው ወይ? ብንማረው ያዋጣናል?» ይሉናል። ከሀቢቾ የሚመጡትም፣ ከዱራሜ መንገድ የሚመጡትም፣ 12ኛን ጨርሰው ቤት የተቀመጡ እህቶቻችንም ይጠይቁናል። አንዳንዱ ለስልጠናው ገንዘብ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚጠይቀን።

በሁለት መስመር መልሰን ማለፍ አልፈለግንም። ጉዳዩ የሪዝቅ ጉዳይ ነው፣ የብዙ ቤተሰብ ተስፋም አለበት። ስለዚህ የምናውቀውን ያህል ዘርዝረን አቋማችንን ግልጽ እናደርጋለን። አቋማችንን ከወዲሁ ለመናገር፦ ሙያው እውነተኛ ነው፣ የተከበረ ነው፣ ለኛ ልጆችም ይሆናል። ነገር ግን በሩ በስልክ ላይ በሚታየው ማስታወቂያ በኩል አይደለም። በሩ እኛው ከምንንቀው ከካርድ ክፍሉ በኩል ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

በምሳሌ እንጀምር። አንዲት እናት ትኩሳትና ብርድ ይዟት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ሕመሟን የምትናገረው በሀዲይሳ ነው። ባለሙያው በአማርኛ ይጠይቃታል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ላብራቶሪው ወባ መሆኑን ያረጋግጣል። ይህ ወረቀት እንዲህ እንዳለ ቢቀመጥ የሚያነበው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የራሱን እጅ ጽሑፍ ማንበብ ከቻለ!

ዓለም ይህን ችግር የፈታው ለእያንዳንዱ በሽታ መለያ በመስጠት ነው። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መደብ (አይሲዲ 10) ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት «ቢ 50» ነው። ቫይቫክስ የተባለው «ቢ 51» ነው። ዓይነቱ ሳይለይ «ወባ» ተብሎ ብቻ የተጻፈው ደግሞ «ቢ 54» ይሆናል። የሐኪሙን ጽሑፍ አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ትክክለኛውን መለያ መስጠት ነው እንግዲህ ኮዲንግ ማለት።

«ይህቺን ታህል ልዩነት ምን ትፈይዳለች?» የሚል ይኖራል። ብዙ ትፈይዳለች። የሁለቱ ወባዎች ሕክምና አንድ አይደለም። ወደ ወረዳው የሚላከው መድኃኒት የሚታቀደው ከየጤና ጣቢያው በሚወጣው ቁጥር ነው። ሁሉም «ወባ» ተብሎ በጅምላ ከተጻፈ የሚመጣው መድኃኒትም በግምት ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በሀገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አሳውቋል። ይህ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በየጤና ኬላው፣ በየጤና ጣቢያው አንድ ሰው መዝገብ ላይ ጽፎ፣ ታሊ መትቶ፣ ቆጥሮ የላከው ነው። ያ ሰው ቢሳሳት ሀገር ይሳሳታል።

ይህ ዕውቀት ለኛ ባዕድ አይደለም

ኮድ ሲባል የፈረንጅ ፈጠራ ብቻ አድርገን ባናስብ ጥሩ ነው። አቡበክር አር-ራዚ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የሚያሳይ መጽሐፍ ጽፏል። በዘመኑ ሰው ሁለቱን ያምታታቸው ነበር። እሱ ግን ምልክታቸውን ተከታትሎ፣ ያንዱን ከሌላው ለየ፣ ጻፈው። ይህን ሥራ ዛሬ በዘመናዊ ስሙ ብንጠራው የበሽታ ምደባ ነው። በሽታውን በትክክል መለየት፣ ለይቶም መጻፍ።

በዘመናዊው ዓለም መደቡ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1893 ዣክ ቤርቲዮን የተባለ ፈረንሳዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር ለዓለም አቀፉ ጉባኤ ባቀረበ ጊዜ ነው። ልብ በሉ፤ መነሻው ሕይወት ሳይሆን ሞት ነበር። «ሰው የሚሞትብን በምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊነቱን ተረከበና ስድስተኛውን እትም አወጣ። ከዚያም ሕመምንም ሞትንም የሚያካትት ሆነ። አሁን አሥራ አንደኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። አብዛኛው ሀገር ግን ገና ከአሥረኛው ወደ አሥራ አንደኛው በመሸጋገር ላይ ነው።

ይህን ያነሳነው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ጥያቄው የኛም ስለሆነ ነው። እኛ ሙስሊሞች ሟችን ቶሎ እንቀብራለን፤ ሱናችን ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ከቀበርን በኋላ ሞቱን የምናስመዘግብ ስንቶቻችን ነን? የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በሀገራችን ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ል. መጨረሻ ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል። በወሊድ ላይ የሞተች እህታችን በመዝገብ ካልሰፈረች ግን በዕቅድም ውስጥ የለችም። ባሏና ልጆቿ ያውቋታል፤ በጀት የሚመድበው ግን አያውቃትም።

የተናቀው ክፍል

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በሀገራችን «ሜዲካል ኮደር» የሚል የሥራ መደብ ማስታወቂያ ስትፈልጉ ብትውሉ እምብዛም አታገኙም። ሥራው ግን አለ። የሚሠራው በጤና መረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ነው፤ ሰዉ በአጭሩ «ኤችአይቲ» ይላቸዋል። በደረጃ 4 በጤና ሳይንስ ኮሌጆች የሚሰለጥኑ ናቸው። ካርድ ያወጣሉ፣ መዝገብ ያደራጃሉ፣ ከዓለም አቀፉ መደብ ተውጣጥቶ ለሀገራችን በተዘጋጀው የበሽታዎች ዝርዝር መሠረት ሪፖርት ያጠናቅራሉ፣ ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው ሲስተም ያስገባሉ። ይህ ሲስተም በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን በብዙ ታዳጊ ሀገራት የሚሠራበት ነው። ከዚህ ከፍ ለማለት ለሚፈልግ በዲግሪ ደረጃ ሄልዝ ኢንፎርማቲክስ አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምሩት አንዱ ነው።

መንግሥትም ጉዳዩን ቀላል አላደረገውም። በመጀመሪያው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራቱ ዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ «የመረጃ አብዮት» የሚል ነበር።

እኛስ? እኛ እንዲህ ያለውን ልጅ «ምን ይሠራል?» ስንባል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ካርድ ክፍል ነው የሚሠራው» እንላለን። ልጃችን ሐኪም ወይም ነርስ ካልሆነ በጤና ተቋም የሠራ አይመስለንም። በሽማግሌ ፊት ሙያው ሲጠራ የሚያፍር ወጣት አይተናል፣ ለትዳር ሲጠይቅ «የካርድ ልጅ» ተብሎ የተመለሰም ሰምተናል። ይህ ንቀት ዋጋ እያስከፈለን ነው።

ዋጋው ምን እንደሆነ ከራሳችን እንናገር። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከመካከላችን አንዱ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ የሆኑ አባቱን ይዞ ክትትል ወደሚያደርጉበት አንድ የጤና ተቋም ሄዶ ነበር። ስሙን አንጠቅስም፤ ችግሩ የአንድ ተቋም ብቻ አይደለምና። ካርዳቸው ጠፋ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተፈለገ፤ የለም። አዲስ ካርድ ወጣ። የሦስት ዓመት ታሪካቸው፣ የትኛው መድኃኒት እንዳልተስማማቸው፣ የደማቸው ስኳር ከዚህ በፊት ስንት እንደነበር ሁሉም አብሮ ጠፋ። ሐኪሙ «አባባ፣ ከዚህ በፊት ምን ይወስዱ ነበር?» ሲላቸው «ነጯን ክኒን» አሉት። ምርመራው ሁሉ እንደ አዲስ ተጀመረ፣ ገንዘቡም እንደ አዲስ ተከፈለ። የዚያን ቀን ካርድ ክፍል ምን ማለት እንደሆነ ገባን። ሐኪሙ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በባዶ ወረቀት ፊት እንግዳ ነው።

የጤና መድንም እዚህ ጋ ይመጣል። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ል. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ወደ አብዛኛው የሀገሪቱ ወረዳ ደርሷል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አባሉ መዋጮውን በዓመት ይከፍላል። ሲታመም ጤና ተቋሙ ያክመዋል። ተቋሙ ደግሞ ያደረገውን ሕክምና ዘርዝሮ ክፍያውን ከመድኑ ይጠይቃል። መድኑ ሰነዱን መርምሮ ይከፍላል። ሰነዱ ካልተሟላ፣ የተጻፈው በሽታና የተሰጠው መድኃኒት ካልተገናኘ ክፍያው ይዘገያል ወይም ይቀራል። ክፍያው የዘገየበት ተቋም መድኃኒት መግዛት ይቸገራል። መጨረሻው ምንድን ነው? የመድን ደብተር ይዛ የመጣችው እናት «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ» ትባላለች። መድኑን ትራገማለች፣ በቀጣዩ ዓመትም አታድስም። መንስኤው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ግን በትክክል ያልተጻፈ ወረቀት ነው። አሜሪካ «ሜዲካል ኮዲንግና ቢሊንግ» የምትለው ሥራ በኛ ወረዳ መልኩ ይህ ነው።

የዶላሩ መንገድ እውነታ

አሁን ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ። በውጭ ሀገር ሥራው አለ ወይ? አዎ፣ አለ። በአሜሪካ ሆስፒታልም ሆነ ክሊኒክ ከኢንሹራንስ ገንዘቡን የሚያገኘው በኮድ ነው። ለበሽታው አንድ መደብ፣ ለተሠራው ሕክምና ሌላ መደብ ይጠቀማሉ። የበሽታው መደብ ብቻ ከ70 ሺህ በላይ መለያዎች አሉት። ስለዚህ ሙያተኛ ይፈለጋል። በዚያ ያሉ ወገኖቻችንም፣ በተለይ ልጅ እያሳደጉ ቤት መዋልን የሚመርጡ እናቶች፣ ሊያስቡበት የሚገባ ሥራ ነው።

ታዋቂው ፈተና ሲፒሲ ይባላል፤ ኤኤፒሲ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተ ድርጅት ይሰጠዋል። 100 ጥያቄ በ4 ሰዓት፣ ለማለፍ 70 ከመቶ። ያለፈ ሰው ልምድ ከሌለው በስሙ ላይ «ተለማማጅ» የሚል ምልክት ይቀመጥበታል፤ ልምዱን እስኪያሟላ ድረስ አይነሳለትም። ከሁሉ የሚከብደው ፈተናው ሳይሆን ይህ ነው። ቀጣሪው ልምድ ይጠይቃል፣ ልምድ የሚገኘው ደግሞ ተቀጥሮ ነው። በዚያ ላይ ለአባልነት፣ ለመጻሕፍትና ለፈተናው የሚወጣው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ል. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ በብር ምን እንደሚያህል ለናንተ መንገር አያስፈልግም።

ከሆሳዕና ተቀምጦ ለአሜሪካ ክሊኒክ መሥራትስ? ሕንዶች ከቼናይና ከሃይደራባድ በሰፊው ይሠሩታል። ነገር ግን ይህን የሚያደርጉት በግለሰብ ደረጃ ሳይሆን የታካሚን ምስጢር ለመጠበቅ ውል በገቡ ትልልቅ ድርጅቶች በኩል ነው። የሰው የሕክምና መዝገብ በስልኩ ላይ ለማያውቀው ወጣት የሚልክ ጤነኛ ተቋም የለም። ስለዚህ «በሁለት ወር አሰልጥነን ከቤትህ በዶላር እናስቀጥርሃለን» የሚልህን ሰው ሦስት ነገር ጠይቀው። የትኛውን ፈተና ነው የምታዘጋጀኝ? ከዚህ በፊት ያሰለጠንካቸው የት ተቀጠሩ? ቀጣሪው ድርጅት ማን ነው? በግልጽ ካልመለሰልህ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አድርገህ ሰላምታ ስጠውና ሂድ።

ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሥራውን እየተማረው ነው። ቀላል ቀላሉን መለያ መስጠት ማሽን እየተረከበው ነው። ለሰው የሚቀረው የተወሳሰበውን መመርመር፣ የማሽኑን ስህተት ማረም፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ጽሑፉን ማጥራት ነው። ይህ ደግሞ የሰውነት ክፍሎችን፣ የበሽታን ባሕርይና የመድኃኒትን ሥራ በሚገባ ማወቅን ይጠይቃል። በሁለት ወር የሚሸመደድ አይደለም። መሠረት ያለው ይቀራል፣ ያለ መሠረት የገባው ይወድቃል።

ለኛ ሰው በተለይ የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። የባሕረ ሰላጤው ሀገራት ሆስፒታሎችም በኮድ ነው የሚሠሩት። ዱባይ የአሜሪካውን መደብ፣ ሳዑዲ ደግሞ አውስትራሊያ ያሻሻለችውን ትጠቀማለች። ደቡብ አፍሪካም ኢንሹራንሱን የሚያንቀሳቅሰው በአይሲዲ 10 ነው። ልጆቻችን በረሃ አቋርጠው የሚገቡባቸው ሀገሮች ልጆቻችን እዚሁ ተምረው ሊያውቁት የሚችሉትን ቋንቋ ይናገራሉ ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል?

በዚህ ከተማ «ደቡብ አፍሪካ» የሚለው ስም የማይጠራበት ቤት የለም። ወንድሞቻችን እዚያ ሠርተው ቤት ሠርተዋል፣ መስጂድ አሠርተዋል፣ ወላጅ ጦረዋል፤ አላህ ይቀበላቸው። ውለታቸውን አንክድም። ግን ደግሞ የመንገዱን ዋጋ እናውቃለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ል. ሞዛምቢክ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ል. ዛምቢያ ውስጥ ሉሳካ አቅራቢያ የ27 ወጣቶች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ለዚያ መንገድ መሬት ተሽጧል፣ ከብት ተሽጧል፣ ዕቁብ ተበልቷል።

በሌላ በኩል ትምህርቱን እዩት። የ12ኛ ክፍልን ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ል. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ል. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ል. 5.4 ከመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስቱ ያህል የት ይሂድ? ለሱ የምናሳየው ሁለት መንገድ ብቻ ከሆነ፣ ወይ ባጃጅ ወይ በረሃ፣ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ሦስተኛ መንገድ ማሳየት የኛ ግዴታ ነው። ይህ ሙያ ብቸኛው መፍትሔ ነው አላልንም። ከሦስተኛዎቹ መንገዶች አንዱ ነው ነው ያልነው።

ለእህቶቻችንም ይሆናል። ሥራው ጽዳት ያለው፣ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ፣ ሒጃቧንና ሶላቷን ጠብቃ ልትሠራው የምትችል ነው። «ሴት ልጅና ጽሕፈት» ለሚል ሰው ሁለት ምሳሌ እንስጠው። ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ሕክምናም ጽሕፈትም የምታውቅ ሶሐቢይት ነበረች፤ እመት ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ጽሕፈት ያስተማረችው እሷ ናት። ከዚሁ ከአካባቢያችን ደግሞ ንግሥት እሌኒን እናንሳ። የሀዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ አጽፋ የላከች የቤተ መንግሥት ፖለቲከኛ ነበረች። በሆሳዕና ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚጠራው በስሟ ነው፦ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ። በየቀኑ በዚያ በር የምንገባ ሰዎች ሴት ልጅ ለመዝገብና ለብዕር አትሆንም ልንል አንችልም።

ብዕሩ አማና ነው

በዲን ዓይን ስናየው ይህ ሥራ ከባድ አማና አለበት። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራ 282) ስለ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለ ብድር መጻፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ለመጻፍ እምቢ እንዳይል፣ ትንሽ ትልቅ ሳይል እንዲመዘግብ፣ ጸሐፊም ምስክርም እንዳይጎዱ ያዛል። አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ገንዘብ መዝገብ ይህን ያህል ቦታ ከሰጠ፣ የሰው ነፍስ ያለበት መዝገብ እንዴት ያለ ነገር ሊሆን ነው?

አማናው ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ምስጢር ነው። ሆሳዕና ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁሉም ሰው የሁሉም ዘመድ ነው። የማን ካርድ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያውቀው ልጅ ማታ ሻይ ቤት የሚቀመጠው ከዚያው ሰው ወንድም ጋር ነው። አንድ ቃል ቢያመልጠው ትዳር ይፈርሳል፣ ሰው ከሰፈር ይሰደዳል። ምላሱን መግዛት የማይችል ሰው ወደዚህ ሙያ ባይገባ ለአኺራውም ለዱንያውም ይሻለዋል።

ሁለተኛው እውነት ነው። በአሜሪካ ያልተሠራውን ሕክምና እንደተሠራ፣ ቀላሉን እንደ ከባድ አድርጎ ኮድ በመስጠት ገንዘብ የሚሰበስቡ ተቋማት በሕግ ይቀጣሉ፤ ኮድ የሰጠውም «ታዝዤ ነው» ብሎ አያመልጥም። በኛም ሀገር አለቃ መጥቶ «ሪፖርቱ እንዲያምር ቁጥሩን ከፍ አድርገው» ወይም «ዝቅ አድርገው» ሊል ይችላል። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ እርጥቡን እህል ከደረቁ ሥር የደበቀውን ነጋዴ እንዴት እንደገሠጹት እናስታውስ። የውሸት ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ያማረ፣ ከሥር የበሰበሰ። በውሸት ኮድ የመጣ ደመወዝ ሐላል ሪዝቅ አይደለም።

ለተቃውሞዎች ያለን መልስ

«የቅጥር ቦታው ጥቂት ነው፤ ተመርቀው የተቀመጡ የጤና ባለሙያዎች ሞልተዋል» የሚለን ሰው እውነቱን ነው። ይህን ሸፍነን ልጅ አናታልልም። በመንግሥት በጀት ብቻ ለሚጠብቅ ሰው መንገዱ ጠባብ ነው። ስለዚህ የምንመክረው ሙያውን በሌላ ሙያ ላይ እንዲደርቡት ነው። ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆኖ ሥራ የሚጠብቅ ወንድምና እህት የበሽታ ምደባን ቢማር ከማንም በፊት ይገባዋል፤ ግማሹን ዕውቀት ቀድሞውኑ ይዟልና። በግል ክሊኒክም፣ በመድን ጽሕፈት ቤትም፣ በጥናት ፕሮጀክቶችም በሩ ይሰፋለታል። የደረጃ 4 ተማሪም ኮምፒውተርን፣ የመረጃ ትንተናን፣ እንግሊዝኛን ቢያዳብር ከካርድ ክፍሉ ወጥቶ ሌላም ቦታ ይሠራል።

«እንግሊዝኛው ይከብዳል» ለሚለውም መልስ አለን። የኛ ልጆች በመድረሳ ዐረብኛ እያነበቡ፣ በቤት ሀዲይሳ ወይም ከምባትኛ ወይም ስልጥኛ እየተናገሩ፣ በትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ እየተማሩ ያደጉ ናቸው። ሐርፍ በሐርፍ እየለየ ቁርኣንን በተጅዊድ ያነበበ ልጅ ለአንዲት ነጥብ መጠንቀቅን ያውቃል። ኮዲንግም ከነጥብ በኋላ ያለችውን አንዲት ቁጥር የሚጠነቀቅ ሰው ሥራ ነው።

ምን እናድርግ?

ተናግረን ብቻ አንተው፤ የሚሠራ ነገር እንያዝ።

1. ወላጆች፦ ልጃችሁ «የጤና መረጃ ልማር» ሲላችሁ ፊታችሁን አታጨማዱ። ለደላላ ከምትሰጡት ገንዘብ በጥቂቱ ኮሌጅ ያልቃል።

2. ወጣቶች፦ ወደ ሆሳዕና ጤና ሳይንስ ኮሌጅም ሆነ ወደሌሎች ኮሌጆች በአካል ሄዳችሁ በዚህ ዓመት የትኛው ዘርፍ ክፍት እንደሆነ፣ መስፈርቱ ምን እንደሆነ ራሳችሁ ጠይቁ። የማታምኑት ተቋም ከሆነ ዕውቅናውን አረጋግጡ፣ ሰርተፍኬቱ ለብቃት ምዘና (ሲኦሲ) እንደሚያበቃ እወቁ።

3. የመስጂድ ኮሚቴዎች፦ በክረምት ከቁርኣን ትምህርቱ ጎን የኮምፒውተር ጽሕፈትና መሠረታዊ እንግሊዝኛ ይሰጥ። አራት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችና ሁለት በጎ ፈቃደኞች ለመነሻ ይበቃሉ።

4. በሙያው ያላችሁ፦ በየጤና ተቋሙ በካርድ ክፍልና በሪፖርት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ቀን ከዐስር በኋላ መጥታችሁ ስለ ሥራችሁ ንገሩን። ደስታውንም ምሬቱንም። ወጣቱ ከማስታወቂያ ሳይሆን ከናንተ ይስማ።

5. በውጭ ያላችሁ፦ በአሜሪካም፣ በባሕረ ሰላጤውም፣ በደቡብ አፍሪካም ያላችሁ የሆሳዕናና የአካባቢው ልጆች፣ ለአንድ ተማሪ የአንድ ዓመት ወጪ መሸፈን ከሰደቀቱል ጃሪያ የሚቆጠር ነው ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ከዘካ መስጠት ይቻል እንደሆነ ደግሞ ዓሊሞቻችንን ጠይቃችሁ አድርጉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንበል። በአኺራ የሁላችንም መዝገብ ይከፈታል። ቀኝና ግራችን ላይ ያሉት ጸሐፊዎች ምንም አይረሱም፣ ምንም አያዛቡም፣ ካርዳችንም አይጠፋም። ይህን የሚያምን ሕዝብ በምድር ላይ መዝገብ የሚይዝን ሰው ሊንቅ አይገባውም። እንዲያውም በታማኝነት መጻፍን ከማንም በላይ እኛ ነን ማወቅ ያለብን።

ነገ ጤና ተቋም ስትሄዱ በመስኮቷ ጀርባ የተቀመጠውን ልጅ በደንብ እዩት። ከመደርደሪያው ካርዳችሁን ፈልጎ ሲሰጣችሁ «ጀዛከላህ ኸይር» በሉት። የእናንተን ታሪክ ለሐኪሙ ያደረሰው እሱ ነው።

አላህ ለወጣቶቻችን ሐላልና በረካ ያለው ሪዝቅ ይስጣቸው። በበረሃና በባሕር ያለቁብንን ወገኖቻችንን ይማራቸው፣ ያሉትን ይጠብቅልን። ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፣ የሚያክሟቸውንም የሚጽፉላቸውንም ያግዝልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

(ለሚጠቅመው ወንድምና እህት እንዲደርስ አጋሩት።)